ላላነበብኩት መጽሐፍ መመስከሬ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን ነግሬ፣ ይህችን ዘልያለሁ። ለእናንተ የምናገረው ስግደት ስለማታዙብኝ ይሆናል።

እኔ ፊደል ያለ አስተማሪ የቆጠርኩ፣ እንግሊዝኛን ከሳርዲን ቆርቆሮና ከመድኃኒት ብልቃጥ ላይ እያነበብኩ የለመድኩ ሰው ነኝ። በደርግ ጊዜ ከዊንጌት እስከ ቀጨኔ እንደኔ ያነበበ አልነበረም። ይህን ያለው ማንም ሳይሆን እኔ ነኝ፤ ግን እውነት ነው። ስለዚህ ቀበሌያችን ፊልም ሲያሳይ ማይክሮፎን ይዤ የምተረጉመው እኔ ነበርኩ። ፊልሞቹ በሩሲያኛ ናቸው። ሩሲያኛ ታውቃለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ሳልጠየቅ ለምን ልናገር?

አንድ ጊዜ ከፖለቲካ ልብ ወለድ የተሠራ ፊልም መጣ። ጎረቤቴ መምህር ታሰው መጽሐፉን በእንግሊዝኛ አንብቦ አውሶኝ ነበር። አነበብኩት? መግቢያውን አነበብኩ። ለእሱም ለቀበሌ ሰዎችም ግን ጨረስኩት አልኩ፤ ያውም ሁለት ጊዜ።

በፊልሙ መጨረሻ የገበሬ ማኅበር ሰዎች የአንድ ገበሬ በሬ እየጎተቱ ይሄዳሉ፤ ገበሬው ያለቅሳል። ከበስተኋላ ግን የድል ማርሽ ይሰማል። እኔ ማርሹን አምኜ፣ ገበሬው በሬውን ለማኅበሩ በፈቃዱ ሰጥቶ በደስታ አለቀሰ ብዬ ተረጎምኩ። አዳራሹ አጨበጨበልኝ።

በውይይቱ ሰዓት መምህር ታሰው ተነሣ። በመጽሐፉ በሬው በግድ እንደተወሰደ፣ የማኅበሩ ሊቀመንበርም አርዶ ከወዳጆቹ ጋር እንደበላው፣ የደራሲው ጥያቄም አዲሱን ጌታ ማን ይቆጣጠረዋል የሚል መሆኑን ተናገረ። ፊልም ሠሪዎቹ ግብዣውን ቆርጠው ማርሽ ጨመሩበት አለ። የእኛው የቀበሌ ሊቀመንበር ደግሞ ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ ሙክት የበላበት ሳምንት ነበር። ፊቱ ጠቆረና ወደ እኔ ዞረ።

«ጓድ፣ አንተ አንብበኸዋል። እንዲህ የሚል አለበት?»

አላነበብኩትም ማለት ይበቃ ነበር። ግን እኔ፣ በጉለሌ ሕዝብ ፊት፣ አላነበብኩም ልበል?

«የለበትም» አልኩ። «መምህሩ ከራሱ ጨምሮበት ነው።»

ከአዳራሹ በቀጥታ ወደ ቀበሌው እስር ቤት ወሰዱት። ሚስቱ ጽጌ ክረምቱን ሙሉ ምሳውን ይዛ በደጄ ተመላለሰች። አንድ ቀን ቆም ብላ፣ «ጋሼ፣ ምናልባት አንድ ገጽ ዘለው እንደሆነ፣ እስቲ ደግመው ይዩልኝ» አለችኝ። ዓይኔን ያመኛል አልኳት። እሷ ስትሄድ ግን ደጄን ዘግቼ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ አነበብኩት። በሬውም በግድ ተወስዷል፤ ግብዣውም አለ። ሊቀመንበሩ ጣቱን ሲልስ ሳይቀር ተጽፏል። ሄጄ መሰከርኩ? አልመሰከርኩም። መጽሐፉን ትራሴ ሥር ደበቅኩት።

በመጨረሻ ግለ ሂስ ካደረገ ይለቀቃል ተባለ። ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ አዳራሹ ውስጥ ቆመና መጽሐፉን ተሳስቼ ነው ያነበብኩት አለ። እውነቱን የምናውቅ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ሲወጣ በአጠገቤ አለፈና ቀስ ብሎ፣ «አሁን ጨረስከው?» አለኝ። ማጨብጨቤን ቀጠልኩ።

መምህር ታሰው ዛሬም አለ፤ ቤቱም ከቤቴ ሩቅ አይደለም። ይህን ሁሉ ለእናንተ የጻፍኩት የእሱን ደጅ ማንኳኳት ስላቃተኝ ነው። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም።