የተራራው ሽምግልና

ወንዳፍራሽን አንድ ቦታ ረግቶ ተቀምጦ ያየው ሰው የለም። ሲያትል ቼሪ መንገድ ላይ ካለው የሐበሻ ምግብ ቤት ሲገባ ወንበር ይስባል፣ ይቀመጣል፣ ሳያዝዝ ይነሳል፣ መኪናውን አይቶ ይመለሳል። ጠረጴዛው ሥር እግሩን ሲነቀንቅ የሰው ብርጭቆ ሁሉ አብሮ ይንጫጫል። ሚስቱ የውብዳር «እኔ ያገባሁት ነፋስ ነው» ትለን ነበር። ሥራው ግን የቀዥቃዣ ሥራ አይደለም። ጂኦሎጂ ተምሮ፣ ሲያትል መሐል ከተማ ባለ አማካሪ ድርጅት የውሃ ባለሙያ ሆኗል። አንድ ትልቅ ነገር ሊሠራ ሲታሰብ፣ ግንባታው መሬቱንና ውሃውን ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ አጥንቶ ይጽፋል።

እንደ ፈረንጆቹ በ1996 የያዘው ጉዳይ ከከተማው በስተምሥራቅ ያለ የበረዶ መንሸራተቻ ተራራ ነበር። ባለቤቱ ሚስተር ብራድሊ ቦታውን ማስፋት ፈልጓል። ዛፍ ተመንጥሮ ሰው ወደ ላይ የሚያወጣ አዲስ ሊፍት ይተከላል፣ ፓርኪንጉም ይሰፋል። ሊፍቱ የሚያልፈው ደግሞ በአንድ ረግረግ ላይ ነው። ወንዳፍራሽ ሁለት በጋ ቦት ጫማውን አጥልቆ ያን ረግረግ ሲዞር ከረመ። የደረሰበት ነገር ለማንም ይገባል፤ በረዶው ቀልጦ ካለቀ በኋላ የታችኛውን ጅረት የሚመግበው ረግረጉ ብቻ ነው። እሱ ከተደለደለ ጅረቱ ይደርቃል። ከጅረቱ ዳር ሚስስ ሃንሰን የሚባሉ ባልቴት ይኖራሉ፣ የሚጠጡትም ከዚያው ነው። ሌላው ሰው በጋዜጣ ይጮሃል እንጂ፣ በሕጉ መሠረት ተቃውሞ ያስገቡት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ጥናቱ በረቂቅ ወጥቶ ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበት ሲደረግ፣ አጥኚው እጁን አጣጥፎ መጠበቅ አለበት። ለወንዳፍራሽ መጠበቅ በሽታ ነው። እሱ የጻፈው ምዕራፍ ሊፍቱ ወደ ሸንተረሩ ይዙር ይላል፤ ግን ምክር ነው፣ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሊቀበለውም ሊተወውም ይችላል። ቢተወውስ? ይህን እያሰበ ሌሊቱን ሲገላበጥ የውብዳር ብርድ ልብሷን ይዛ ሶፋ ላይ መተኛት ጀመረች።

አለቃው ሊንዳ፣ በዚህ ጊዜ ከየትኛውም ወገን ጋር ከመዝገብ ውጭ፣ በግል መነጋገር ክልክል መሆኑን ነግራዋለች። ሰምቷል፤ ግን የሰማው በሐበሻ ጆሮው ነው። ብራድሊና ባልቴቷ በጠበቃ እንጂ ፊት ለፊት ተነጋግረው አያውቁም። ሁለት ሰው ተጣልቶ ሽማግሌ ካልገባ ማን ይገላግላቸዋል? «ውል አላስፈርም፣ ጉቦ አልሰጥም፣ ሰው ላስታርቅ ነው የምሄደው» አለ።

እናም ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስን ለመነ። ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ የሰፈራችንን ግማሽ ባልና ሚስት ያስታረቁ፣ ፍርድ ቤት ደጃፍ የደረሰ የሱቅ ሽርክና የመለሱ ሰው ናቸው። የውብዳር ነገሩ አልጣማትም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው፣ መጀመሪያ ሊንዳን ጠይቃት አለችው። እሱ የመኪናውን ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ «ሁለቱንም ኮል አድርጌያቸዋለሁ፤ ኦኬ ብለዋል» ብሎ ወጣ።

ቅዳሜ ሚስስ ሃንሰን ወጥ ቤት ተሰበሰቡ። ባልቴቷ የፖም ፓይ ጋግረው ጠብቀዋል። ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣ ሁለቱ ካልታረቁ እህል ውሃ እንደማይቀምሱ አስታወቁ። ወንዳፍራሽ ሲተረጉመው ሴትዮዋ ፓዩ የተናቀ መስሏቸው ቅር አላቸው። ነገሩ ሲብራራላቸው ግን ሽማግሌውን ትክ ብለው አዩና የራሳቸውን ሹካ አስቀመጡ። ብራድሊም የጎረሰውን ውጦ አስቀመጠ። ሽማግሌው አንዴ ተቆጡ፣ አንዴ ለመኑ። ወንዳፍራሽ ከመስኮቱ እስከ ምድጃው እየተመላለሰ ተረጎመ። በመጨረሻ ብራድሊ ሊፍቱን ወደ ሸንተረሩ አዞራለሁ አለ፤ ሚስስ ሃንሰንም ተቃውሞዬን አነሳለሁ አሉ። ተጨባበጡ።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ነው በእኛ አገር» አሉ ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ። «ይህን በደንብ ንገራቸው።»

በደንብ ነገራቸው። ፓዩ ቀዝቅዞ ተበላ። ሲመለሱ ወንዳፍራሽ ከደስታው ብዛት የሀይዌዩን መውጫ ሁለት ጊዜ አለፈው።

ሰኞ ጠዋት ፊቱ እያበራ ለሊንዳ ነገራት። ሊንዳ ተነስታ በሩን ዘጋች። አልጮኸችም። ተከራካሪዎችን በግል ያዋዋለ ሰው የጻፈው ጥናት ዳኛ ፊት እንደማይቆም፣ ደህናው ሥራው ሁሉ አብሮት እንደወደቀ አስረዳችው። ምዕራፉ ከጥናቱ ወጣ፤ እሱም ከሥራው ተሰናበተ። ከሌላ ከተማ የመጣ ባለሙያ ረግረጉን በረዶ በሸፈነው ወር አንድ ቀን ጎብኝቶ፣ ጉዳቱ «መጠነኛ» ነው ብሎ ጻፈ። ይህን ቃል ስሰማ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

ብራድሊን ጠበቆቹ ከመዝገብ ውጭ የተባለ ነገር አያስርህም አሉት፤ እሱም በቃሉ አልታሰረም። ሚስስ ሃንሰን ግን ቃላቸውን ሰጥተዋልና፣ ሊንዳ በሩን በዘጋችበት ጠዋት ፖስታ ቤት ሄደው ተቃውሞአቸውን ማንሳታቸውን ልከው ነበር። ነገሩ መበላሸቱን ሲሰሙ የማስገቢያው ጊዜ አልፏል። ለዚያ ረግረግ የሚከራከር አንድ ሰው ነበረ፤ እሱንም ያስታረቅነው እኛ ነን።

በሚቀጥለው በጋ መሬት መደልደያዎቹ ወጡ። ወንዳፍራሽ ይቅርታ ሊጠይቅ ሴትዮዋ ቤት ሄደ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ከመደብር የተገዛ ውሃ በፕላስቲክ ጋሎን ተደርድሯል። አፉን ሲከፍት አስቆሙት።

«ብራድሊን ድሮም አላመንኩትም» አሉት። «ያመንኩት ያንተን ሽማግሌ ነው። ምግብ ፊቱ ቀርቦለት እናንተ ካልታረቃችሁ አልበላም ያለኝ ሰው በዕድሜዬ አላጋጠመኝም።»

ይህን የነገረችኝ የውብዳር ናት። ለጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ግን እስካሁን የነገራቸው የለም። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ ሰው ሰብስበው ፈረንጅም በሽምግልና እንደሚታረቅ ያወራሉ። ከዚያ የወንዳፍራሽን ትከሻ ይይዛሉ።

«ያቺ ደግ ሴትዮ እንዴት ናት፣ ልጄ? ውሃዋስ?»

«ደህና ናቸው፣ ጋሼ። ውሃውም ደህና ነው» ይላል፣ ዓይኑ መኪናውን ፓርክ ያደረገበትን እየፈለገ።

እሳቸውም ተመስገን ብለው ይመርቁታል።