ስድስት ሰዓት ጨምር

ዘመሮ ከተማ ቁጭ ብዬ የምሠራውን ሥራ ለእናቴ ማስረዳት ቢያቅተኝ "ጸሐፊ ነኝ" ብያት አርፌአለሁ። ውሸት አይደለም፤ የምጽፈው ግን ለሰው አይደለም። አዲስ አበባ ያለው ቀጣሪዬ በየገጠሩ ጤና ጣቢያ፣ የክትባት ፍሪጅ ላይ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ይገጥማል። መሣሪያዋ መብራት መኖሩንና የፍሪጁን ቅዝቃዜ ቀን ከሌት ትመዘግባለች፤ መዝገቡ ሎግ ይባላል። ድሮ ሎጉን የማገላብጠው እኔ ነበርኩ። አሁን ሥራውን የያዙት የኤአይ ኤጀንቶች ናቸው፤ ጥያቄ ሲሰጣቸው ራሳቸው ፈልገው ራሳቸው ሪፖርት የሚጽፉ ፕሮግራሞች። ለእኔ የቀረልኝ በሎጉ መፈለጊያ እንዴት እንደሚጠቀሙ የሚነግራቸውን ሰነድ መጻፍ ነው። እንጀራዬን ለቀማኝ አጎራረስ ማስተማር በሉት።

ቢሆንም ደህና አድርጌ ጻፍኩት። እንዲህ የሚል አንቀጽም አስገባሁበት፦ "የዚህ አገር ሰው ሰዓት የሚቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው። ሎጉ የሚቆጥረው ግን በፈረንጅ ነው። ሰው የነገረህን የቀን ሰዓት ከመፈለግህ በፊት ስድስት ሰዓት ጨምር። ፈልገህ ምንም ብታጣ፣ ምንም አልሆነም ብለህ አትደምድም።" አለቃዬ አየና "ረዝሟል፤ ይኼን እነሱ ራሳቸው ያውቁታል" ብሎ አንቀጹን ቆረጠው። ተከራከርኩ። "አንተ ደግሞ ነገር ታበዛለህ" አለኝ። በእኛ አገር ጓሳ የሚባለውን የጋራ ጥብቅ ሣር ያለ ጊዜው ያጨደ ይቀጣል። የእኔን አንቀጽ ያጨደው ሰውዬ ግን ሰነዱን አሳጠረ ተብሎ ተመሰገነ።

ታላቅ እህቴ ነርስ ናት። ከራቤል ከተማ ወዲያ ባለ አንድ ትንሽ ጤና ጣቢያ ክትባት የምትሰጠው እሷ ነበረች። እናቶቹ "እጇ ቀላል ነው" እያሉ፣ እሷ ከሌለች ልጃቸውን እንዳዘሉ ይመለሱ ነበር። አንድ ቀን መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩም ነዳጅ አልነበረውም። በማግስቱ ብልቃጦቹን ስታይ፣ ክትባቱ መበላሸቱን የሚያሳየው ምልክት ቀለሙን ቀይሯል። ማንም ሳይጠይቃት ራሷ ጻፈች፦ "ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፍቶ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። ክትባቱ ተበላሽቷልና እንዲወገድ።"

ጽሑፏ ወደ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሄዶ፣ እንዲጣራ ለኤጀንቱ ተሰጠ። ኤጀንቱም ሎጉ ውስጥ ከሦስት እስከ ዘጠኝ ፈለገ፣ በፈረንጅ። የፈረንጅ ሦስት ሰዓት የእኛ ሌሊት ዘጠኝ ነው፤ ያን ጊዜ መብራቱ ቦግ ብሎ በርቷል። ፍለጋው ያበቃው ልክ መብራቱ ሊጠፋ ሲል ነው። ሪፖርቱ "በተባለው ሰዓት መብራት አልጠፋም" ብሎ ወጣ። የቀረውን የጤና ጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ከራሳቸው ጨመሩበት፤ የፍሪጁን በር ከፍታ ረስታ፣ እንዳትጠየቅ ዋሸች አሉ። ከክትባት ክፍል አንስተው ካርድ ክፍል አስቀመጧት።

ደወለችልኝ። "ወንድምዓለም፣ ውሸታም ያለኝ አንተ የምትጽፍለት ማሽን ነው አሉ" አለችኝ። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ኮምፒውተሬን ከፍቼ ስድስት ጨምሬ ፈለግሁ። የጠፋበትም የመጣበትም ሰዓት እሷ እንዳለችው ቁጭ ብሏል። ደሜ ፈላ። አለቃዬ ጋ ብደውል "ጥሩ ነገር አግኝተሃል" አለኝ፣ ደስ ብሎት። "አንቀጹን መልሰው። ይኼን ጉዳይም ምሳሌ አድርገህ ጻፈው፤ ስም ግን አታንሳ።" ለጽሕፈት ቤቱ ማስተካከያ እንዲልክ ብለምነው ደግሞ "ኤጀንቱ የተጠየቀውን መልሷል፤ የሰው አስተዳደር ውስጥ አንገባም" አለ። አጅሬ መውጫውን ያውቅበታል።

ሎጉን አትሜ ራሴ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። ኃላፊው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። ወረቀቱን አገላብጠው አዩና "እህትህ ናት አይደል?" አሉኝ።

"አዎ፣ እህቴ ናት።"

"አየህ ልጄ፣ አልፈርድብህም። የሥጋ ነገር ነው። ማሽኑ ግን ዘመድ የለውም።"

"አሁን በእርስዎ ስንት ሰዓት ነው?" አልኳቸው።

ሰዓታቸውን አዩና "አምስት ሰዓት" አሉ።

"በማሽኑ ግን አሥራ አንድ ነው።"

ሰዓታቸውን ትተው ወረቀቱን ደግመው አዩ። ገብቷቸዋል፤ ከፊታቸው አይቻለሁ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው እጄ ላይ አኖሩና "ሪፖርቱ እኮ ወደ ላይ ሄዷል" አሉኝ። ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ። ባይገባቸው ኖሮ እንዲህ አልናደድም ነበር።

እህቴ እስከ ዛሬ ካርድ ትጽፋለች። የተበላሸውን ክትባት እንዲወገድ ያደረገችው እሷ ሆና ሳለ፣ የተበላሸ ልትወጋ ነበር የሚል ወሬ ወጣባት። በቀደም አንዲት እናት ካርድ ልታወጣ መጥታ፣ እህቴ የሕፃኑን ጉንጭ ልትዳብስ እጇን ስትዘረጋ ነጠላዋን ስባ ሸፈነችው። ይኼን የነገረችኝ እየሳቀች ነው። እንደዚያ ያለ ሳቅ አልወድም።

ላጽናናት ብዬ ሰነዱ መስተካከሉን ነገርኳት። አንቀጹ ተመልሷል፤ ከሥሩም ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ ያለች አንዲት ነርስ በምሳሌነት ተጽፋለች፤ እውነቷን እንደነበርም ይላል።

"የሚያነበው ማነው?" አለችኝ።

"ኤጀንቶቹ። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ሁሉም ያነቡታል።"

"ሰውስ?"

"ሰው አያነበውም፣ እታለም" አልኳት።