ስሙ የጠፋበት ኮምፒውተርና የኮኪት ወረፋ

ጎንደር፣ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል

መናኸሪያ የደረስኩት ገና ሳይነጋ ነው። ሰብለ ቀድማኝ ቆማለች፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ። የሰሊጥ አምራቾች ማኅበራችን ኮምፒውተር ሲበላሽበት የሚጠራው እሷን ነው። ሦስት ቀን ሙሉ በስልክ "አጥፍታችሁ አብሩት" ስትል ከረመች። አጠፉት፣ አበሩት፣ አልሆነም። ሲሰለቸኝ ትናንት ጠዋት ከኮኪት ተነስቼ እኔው መጣሁባት።

"አባባ፣ በዚህ ዕድሜዎ ከቆላ ድረስ?"

"ዕድሜዬን ተይው። ሰሊጤ ሜዳ ላይ ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮኪት መጋዘን በር ላይ መኪና ተሰልፏል። ሚዛን አለ፣ መዛኝ አለ፤ ደረሰኝ ከኮምፒውተር ካልወጣ ግን መጋዘኑ አንድ ጆንያ አይቀበልም። የመዛኙ ኮምፒውተር ደግሞ መተማ ቢሮ ያለውን ዋናውን ኮምፒውተር "አላገኘሁትም" ይላል። የኔ ሃምሳ ጆንያ ኪራይ መኪና ላይ ነው፣ ሸራው ቀዳዳ። ሰማዩ ያለወሩ ዳምኗል። ሰሊጥ ዝናብ ከነካው ይጠቁራል፤ የጠቆረ ሰሊጥ ገዢ ፊት አይቀርብም።

አይከል፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ

ብርድ ነው። ሹፌሩ ቁርስ ብሎ ቆመ። ተሳፋሪው ፍርፍር አዘዘ፣ እኔ ቆሜ ዳቦ ገመጥኩ።

"አንተ ሹፌር፣ ሰርግ ቤት ነው እንዴ የገባኸው?"

"አባባ፣ መሪውን ልስጥዎት?"

"ስጠኝ! ካንተ አላንስም።"

ሰው ሳቀ። እኔ የሚያስቅ ነገር አላየሁም።

ነጋዴ ባህር፣ አራት ሰዓት

ቁልቁለቱን ወረድን፤ ሙቀቱ ከታች ተቀበለን። ሹራብ ወለቀ፣ መስኮት ተከፈተ። መንገድ ዳር የከሰል ማዳበሪያ፣ የፍየል መንጋ፣ ማጭድ በትከሻው ጀሪካን በእጁ የያዘ የቀን ሠራተኛ። ውኃ ወደ ቆላ በወረደ ቁጥር ዋጋው ይወጣል፤ የእዚህ የአንድ ላስቲክ ውኃ ዋጋ ጎንደር ሁለት ይገዛል።

ሰብለ "ምነው እንዲህ ተቁነጠነጡ?" አለችኝ። ነገርኳት። ወረፋችን ሕግ አለው። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት የወረፋው አለቃ ሐጂ ሙሳ ስም ይጠራሉ። ባለቤቱ ራሱ "አለሁ" ይላል። ያላለ ይሰረዝና ጅራት ይሆናል። ሰው በሰው ስም አይመልስም። አንዳንዱ ስሙን አስጽፎ መተማ መጠጥ ቤት ይሰነብት ስለነበር ነው። ዛሬ ጠዋት ስሜ ሲጠራ እኔ አይከል መንገድ ላይ ነበርኩ።

"ሕጉን ማን አወጣው?"

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። "እኔ።"

ኮኪት፣ አምስት ሰዓት ተኩል

ስወርድ መጀመሪያ ያየሁት ሰማዩን ነው፤ ከሽንፋ በኩል ጠቁሯል። ሐጂ ሙሳ ደብተራቸውን ይዘው ጥላ ስር ተቀምጠዋል። ባለሱቅ ናቸው፤ የሚጽፉት አጥርተው ነው።

"ስሜስ?"

"ኸላስ፣ ተሰርዟል። ስድስተኛ ነበርህ፣ አሁን ሠላሳ አንደኛ ነህ።"

"ሐጂ፣ የሄድኩት ለሁላችሁ ስል ነው እኮ!"

"አውቃለሁ። 'እናቱም ብትሞት ይሰረዝ' ያልከው አንተ አይደለህም?"

ሹፌሮቹ ሳቁ። ደሜ ፈላ። ሰብለ የመዛኙን ኮምፒውተር አየት አደረገችና "በሽታው እዚህ አይደለም፣ መተማ እንሂድ" አለች። ባገኘነው አይሱዙ ላይ ተሰቀልን።

መተማ ዮሐንስ፣ ሰባት ሰዓት

ቢሮው ምድጃ ነው። ማራገቢያው ሙቀቱን ያማስላል። ጸሐፊው ሙሉቀን ላቡን እየጠረገ ተነሳልን። ሰብለ ተቀምጣ ቁልፎቹን ትነካካ ጀመር። እኔ ፊደል የለየሁት በጎልማሳነቴ ነው፤ እንዳስረዳችኝ እጽፋለሁ። ኮምፒውተሮቹ የሚፈላለጉበት የስም መዝገብ አላቸው፣ ዲኤንኤስ ይሉታል። የዋናው ኮምፒውተር ስም ከዚያ መዝገብ ውስጥ የለም። እሱ ይሠራል፣ መብራቱም ይበራል፤ ግን የት እንዳለ የሚነግር የለም።

"ታዲያ በእጅሽ ጻፊውና እንሂድ!"

"አባባ፣ በእጄ ብጽፈው ነገ ሌላው ይጎድላል። ስሙን የሚያስመዘግበው ራሱ ነው። በየጊዜው 'አለሁ' ማለት አለበት። ካላለ መዝገቡ ይሰርዘዋል።"

ይቺን ሕግ አውቃታለሁ።

የሚያስመዘግበውን ክፍል አጥፍታ አስነሳችው። ስሙ አልመጣም። ደገመች። አልመጣም። እኔ በር ድረስ ሄጄ ደመናውን አየሁ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ሄድኩ። "አባባ፣ ይቀመጡ፣ ወለሉን ጨረሱት" አለኝ ሙሉቀን።

ሰብለ ድንገት እጇን ሰበሰበች። "ሙሉቀን፣ ይህ ኮምፒውተር ስም የሚጠይቀው ከማን ነው? ይህ አድራሻ የኛ አይደለም።"

ሙሉቀን አንገቱን ደፍቶ ተናዘዘ። የኛ ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍበት ከድንበሩ ማዶ ከገላባት የሱዳን ሲም አምጥቶ ሰካበት። እዚህ ግማሹ ሰው በስልኩ የሚያደርገው ነው። ይፈጥናል ብሎ የመዝገቡንም አድራሻ ወደ ሱዳን አዞረው።

"እንግዲያ ይኸ ጉድ 'አለሁ' የሚለው ድንበር ተሻግሮ ነው?" አልኩ።

"እዚያ ማን ያውቀዋል?" አለች ሰብለ። ሲሙን ነቀለች፣ የስም መዝገቡን የያዘው ይኸው ኮምፒውተር ነውና አድራሻውን ወደ ራሱ መለሰች፣ እንደገና አስነሳችው። መዝገቡ ላይ መስመሩ አንድ በአንድ ይወጣ ጀመር። ኮኪት ደወልን። መዛኙ "ገባልኝ! ከፈተልኝ!" እያለ ጮኸ።

ኮኪት፣ አስር ሰዓት

ሚዛኑ ይሠራል። ጆንያ በትከሻ ይሮጣል። አቧራው ላይ ትልልቅ ጠብታ መውደቅ ጀምሯል።

ሐጂ ሙሳ ተነስተው መጡ። "ሰዎቹ ተስማምተዋል። ስምህን ስድስተኛ ላይ ልጻፈው፣ ግባ።"

ሃምሳ ጆንያዬን አየሁ። ሸራውን አየሁ። "በእጅ የተጻፈ ስም ነገ ሌላ ያጎድላል" አልኳቸው። "ጅራት ነኝ።"

"አንት ግትር ሽማግሌ!" ብለው የራሳቸውን ሱቅ ሸራ በላዬ ወረወሩ።

መኪናው ላይ ወጥቼ ሸራውን በአራት ማዕዘን አሰርኩት። ዝናቡ ግማሽ ሰዓት ወረደ። ከላይኛው ረድፍ ሰባት ጆንያ ነካ፤ ሌላው ዳነ። ሰባቱን ነገ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ፤ የጠቆረውንም ለቤቴ ዘይት እጨምቀዋለሁ።

በማግስቱ፣ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት

መሬቱ ረጥቧል፣ ሰማዩ ጠርቷል። ከፊቴ የቀሩት ዘጠኝ መኪኖች ናቸው። ሐጂ ሙሳ ደብተራቸውን ገለጡ፣ ስሜ ጋ ሲደርሱ መነጽራቸውን አስተካክለው ቀና አሉ። ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ነው የጮኽኩት፦

"አለሁ!"