የአባቴ ሜዳሊያ

«እማዬ፣ አያቴ ይህን ሜዳሊያ የተሸለሙት በየትኛው ጦርነት ነው?» አለችኝ ልጄ፤ ለክፍል ጓደኞቿ ልትናገር ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሰርጉ ፎቶ ላይ ሜዳሊያውን ሰክቶ ደረቱን ነፍቶ ይታያል እንጂ ከየት እንዳገኘው ነግሮን አያውቅም። ያገኘሁትን ሽማግሌ ሁሉ ስጠይቅ ከረምሁ። በመጨረሻ ጣና ዳር ታንኳ ወደሚሠሩት ባልንጀራው፣ ወደ ሐጂ ሄድሁ። ሜዳሊያውን ገልበጥ አድርገው አዩትና ሳቃቸው አልቆም አላቸው።

«የምን ጦርነት! ዶሮ ማረድ እንኳ የሚፈራ ሰው! ይህ የታንኳ ቀዘፋ ውድድር መታሰቢያ ነው።»

«ታዲያ ቀዝፎ አሸንፎ ነዋ!»

«አሸናፊውስ እኔ ነኝ። እሱ ለሰርጉ ተዋሰኝ። ኋላ እናትሽ ስትኮራበት እያየሁ እንዴት ብዬ መልስልኝ ልበለው?»

ከእፍረቴ የተነሣ መሬት ብትውጠኝ ወደድሁ። በማግስቱ ጠዋት ልጄን ይዤ ተመለስሁና ሜዳሊያውን በራሷ እጅ ደረታቸው ላይ እንድትሰካው አደረግሁ።