አቶ ሙለታ ተኝተው የሸመገሉ ዕለት

አቶ ሙለታ እግራቸውን የሰበሩት ትክክል መሆናቸውን ሲያስረዱ ነው። ልደታ ያለው የኮንዶሚኒየማቸው ደረጃ መብራት ከተቃጠለ ሰንብቷል፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ «ቀን ቀን በደንብ ያሳያል» ብሎ ድርቅ አለ። አቶ ሙለታ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፍርድ ቤት በአስተርጓሚነት ስለሠሩ፣ ያለ ማስረጃ የሚሟገት ሰው ምን እንደሚገጥመው ያውቃሉ። «ያሳያል ካልክ ና ተመልከት!» ብለው ሰብሳቢውን አስከትለው ደረጃውን መውረድ ጀመሩ። ገና አንዱን ፎቅ ሳይጨርሱ ማስረጃው ተገኘ። አምፖሉ በማግስቱ ተቀየረ። የአቶ ሙለታ ቁርጭምጭሚት ግን ጀሶ ውስጥ ገባ።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጎረቤት ብርቱካን ይዞ መጥቶ፣ «እግዜር ይማርዎ» ብሎ፣ ብርቱካኑን ራሱ ልጦ በልቶ በሄደ ነበር። ችግሩ፣ የሟች ወንድማቸው ልጅ ዳዊ ሽማግሌ የሚልክበት ቀጠሮ በዚያው ሳምንት እሑድ መሆኑ ነው። ሊያገባት የፈለጋት ልጅ መቅዲ ትባላለች። አባቷ አቶ ጋሻው ሰንጋ ተራ የሚኖሩ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ናቸው፤ ቀጠሮ ያፈረሰባቸውን ሰው ቆጥረው የሚይዙ፣ ሲስቁም ታይተው የማይታወቁ። ሽማግሌዎቹ አንድ ጊዜ ሄደው እንደ ወጉ «እንመካከርበት» ተብለው ተመልሰዋል። አሁን ቢቀሩ ንቀት ነው።

«ጋሽ ባፈና ይናገሩልሃ» አለች ልጃቸው ጊፍቲ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱን ጠርታ።

«ባፈና? ባፈና ልጅቷን ከመጠየቁ በፊት ስለ ስኳር በሽታው ሲያወራ ይመሻል። የምናገረው እኔ ነኝ።»

«በምን እግርህ?»

«በምላሴ!»

ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ሰንጋ ተራ ሄደው፣ አቶ ሙለታ በቪዲዮ ከአልጋቸው ሊናገሩ ተወሰነ። ላፕቶፕ አላቸው፤ ጊፍቲ አዲስ ስትገዛ የተወችላቸው አሮጌ። የራሱ ዋይፋይ አለው፤ ግን ሳሎን፣ ራውተሩ ጉያ ሥር ካልተቀመጠ አይሠራም። መኝታ ቤት ሲገባ ኔትወርኩ እንደ አራስ ቤት ባል ሹልክ ብሎ ይጠፋል። አቶ ሙለታ ደግሞ ከነጀሶአቸው ወደ ሳሎን መጎተት አልፈለጉም።

ጊፍቲ ቅዳሜ መርካቶ ወርዳ፣ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ሌላ የዋይፋይ ካርድ ይዛ መጣች። ሁለት አንቴና እንደ ፍየል ቀንድ ቆሞለታል። ስትሰካው አረንጓዴ መብራቱ ብልጭ ብልጭ አለ፤ ኔትወርኩም መኝታ ቤት ድረስ ሙሉ ሆኖ ገባ።

«አሁን የውስጡን ዋይፋይ ማጥፋት ነው» አለች። «ሁለቱም ክፍት ከሆኑ ላፕቶፑ እየዘለለ ወደ ደካማው ይሄድብሃል።»

«ለምን ይጠፋል? ሁለት በሬ እያለኝ በአንድ የማርስ እብድ ነኝ?»

«አባዬ፣ እነዚህን አንድ ቀንበር አይይዛቸውም። አንዱ ወደ አብነት ሲጎትት አንዱ ወደ ሰንጋ ተራ ነው።»

«ልጄ፣ ይህን ያህል ዓመት ያገለገለ ነገር አዲስ ስለመጣ ብቻ አይባረርም» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። «እኔን ያሰናበቱኝ እንደዚያ ነው።»

ጊፍቲ ይህን ስትሰማ እጇን ከላፕቶፑ ላይ አነሣች። የውስጡም ዋይፋይ በሥራው ላይ ቆየ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አቶ ሙለታ ከወገብ በላይ ኮትና ክራቫት፣ ከወገብ በታች ሽርጥና ጀሶ ሆነው ተዘጋጁ። ሰንጋ ተራ የጋሽ ባፈና ስልክ የውሃ ጠርሙስ ተደግፎ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ አንቀመጥም ብለው ቆመዋል። አቶ ጋሻው ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው ሲመለከቱ፣ ትራስ የተደገፉ አዛውንት አዩ።

«ሽማግሌ ቆሞ ሲለምን አውቃለሁ። ተኝቶ ሲለምን ግን ገና ዛሬ አየሁ።»

«በዚህ እግሬ ቆሜ ብለምን፣ ከልጅቷ በፊት ወጌሻ ነበር የምትሰጡኝ» አሉ አቶ ሙለታ።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አቶ ጋሻው አልሳቁም፤ ግን «ተቀመጡ» አሉ። አቶ ሙለታ ስለ ዳዊ ዘር፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ጨዋነቱ አሳምረው ተናገሩ። አቶ ጋሻው አዳምጠው ሲያበቁ ጠየቁ፤

«ልጁ ይጠጣል ይባላል። እውነት ነው?»

ዳዊ ይጠጣል። አቶ ሙለታ ደግሞ ለመዋሸት ተዘጋጅተው ነው የመጡት። «ዳዊ ማለት!» ብለው ጣታቸውን ቀሰሩና ጀመሩ። ጠላ ሲሸተው እንደሚያስነጥሰው፣ ውሃም ቢሆን የሚጠጣው ለጤናው ብሎ እንደሆነ፣ ሰርግ ቤት ሲጠራ ለስላሳውን ከቤቱ ይዞ እንደሚሄድ አወሩ። ወሬው እንዲህ የጣፈጣቸው ቀን የለም። ሲጨርሱ ግን አቶ ጋሻው አልተነቃነቁም። አፋቸው ተከፍቷል፤ አንድ ዓይናቸው ተጨፍኗል።

ላፕቶፑ ወደ ውስጡ ዋይፋይ ዘሎ ነበር። ሰንጋ ተራም የታየው ያው ነው፤ አቶ ሙለታ «ዳዊ ማለት» ብለው፣ ጣታቸውን ቀስረው፣ ደርቀው ቀርተዋል።

«እያሰቡ ነው» አሉ ጋሽ ባፈና።

«ይህን ያህል የሚያሳስብ ነገር አለው ማለት ነው?» አሉ አቶ ጋሻው።

መኝታ ቤት ውስጥ አቶ ሙለታ ጮኹ። «ጊፍቲ!»

ጊፍቲ እጇን እያደራረቀች ከኩሽና ሮጣ መጣችና ላፕቶፑን ጎርጎር አደረገች። «ብዬህ ነበር! የውስጡን ነው የያዘው።»

«አጥፊው! አጥፊው ይሄን የማይረባ! ጋሻውንማ እይልኝ፣ አፉን ከፍቶ እንደ ሙክት ቆሞ ቀረ። ይሄ ነው ልጁ ይጠጣል ወይ ብሎ የሚመረምረኝ? አዎ ይጠጣል! ሲጠጣም ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ይዘፍናል! ምን ያገባዋል?»

ጊፍቲ ግን የውስጡን ካርድ አጥፍታ ጨርሳ ነበር። ምስሉ ገና እንደደረቀ፣ ድምፁ ቀድሞ ሰንጋ ተራ ገብቷል።

«አባዬ» አለች በሹክሹክታ፣ «ይሰማሉ።»

ምስሉ ሲመለስ የአቶ ጋሻው አፍ ተዘግቷል። ጋሽ ባፈና ጭንቅላታቸውን ይዘዋል። የልጁን ትዳር በምላሴ ገደልኩት፣ አባቱ ቢኖር ምን ይለኝ ነበር አሉ አቶ ሙለታ በልባቸው። አስተርጓሚው ተሳስቷል ብለው እንዳያርሙት እንኳ የተናገሩት በጥሩ አማርኛ ነው።

«አቶ ጋሻው» አሉ በመጨረሻ፣ «ሙክት ያልኩትን ይቅር ይበሉኝ። ስለ ልጁ ያልኩትን ግን አላነሣም። ይጠጣል። ይዘፍናል፤ ድምፁም አስቀያሚ ነው። ሰው ግን አይሳደብም፣ እጁንም አያነሣም። በቤታችን ተሳዳቢው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ አልጠጣም።»

ከጓዳ ሳቅ ፈነዳ። የአቶ ጋሻው ባለቤት ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ነበሩ። «ሙክት! እኔ ስለው የሚሰማኝ አጥቼ!»

አቶ ጋሻው ወደ ጓዳው ገልመጥ አሉና ወደ ስልኩ ተመለሱ። «ለሦስቱም ሴት ልጆቼ ሽማግሌ ተቀብያለሁ። የመጣው ሁሉ መልአክ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ከሰርጉ በኋላ ነው ሰውዬው የሚገለጠው። እርስዎ ቢያንስ ሰውዬውን አስቀድመው አሳዩኝ። ልጄን ሰጥቻለሁ። ግን እግርዎ ሲድን መጥተው ስድብዎን ፊት ለፊት ይድገሙልኝ። በስልክ የተሰደበ ሰው መልስ መስጫ የለውም።»

ጀሶው እንደተፈታ አቶ ሙለታ ምርኩዝ ይዘው ሰንጋ ተራ ሄዱ። የዳዊ እናትም ለመተዋወቅ ከአምቦ መጥተው አብረዋቸው ነበሩ፤ እሳቸው አማርኛ አይሰሙም። አቶ ሙለታ በሩ ላይ ቆመው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ሙክት» አሉ። አቶ ጋሻው ሲሰናዱበት ከርመው ኖሮ አፋቸውን ከፈቱት፤ ከአቶ ሙለታ ሽበት ተነሥተው እስከ ምርኩዛቸው ድረስ አንድም ቦታ ሳይዘሉ ወረዱባቸው።

የዳዊ እናት ደንግጠው የባላቸውን ወንድም እጅ ያዙ። «ምን እያሉ ነው?» አሉ በኦሮምኛ።

አቶ ሙለታ ወገባቸውን ቀና አደረጉ። ችሎት ፊት እንደሚቆሙት ቆመው፣ በራሳቸው ላይ የወረደውን ስድብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳያለሰልሱና ሳያስቀሩ ተረጎሙላቸው።

ሴትዮዋ በጥሞና ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነታቸውን ነው» አሉ።

አቶ ሙለታ ይህንንም ለአቶ ጋሻው ተረጎሙላቸው። አቶ ጋሻው ያኔ ሳቁ።