የአባቴ ንፍፊት

በገብስ አጨዳ ወቅት አባቴን እግራቸውን ማጭድ ቆረጣቸው። ከደባርቅ በላይ ባለው ማሳችን ላይ ነበሩ። ጨርቅ ጠቅልለውበት አጨዳቸውን ጨረሱ፤ እሳቸው እንዲህ ናቸው። በአራተኛው ቀን እናቴ ደወለችልኝ። ቁስሉ መግል ይዟል፣ ሰውነታቸው እንደ እሳት ይፋጃል፣ ብሽሽታቸው ላይ የእንቁላል ያህል ንፍፊት ወጥቷል። ጎረቤታችን ብረት አግለው ሊተኩሱላቸው ነው አለችኝ።

ደሜ ፈላ። ያን ብረት አውቀዋለሁ። በልጅነቴ እሾህ ወግቶኝ ንፍፊት ሲወጣብኝ የተኮሱኝ እኚሁ ጎረቤት ናቸው፤ እጄን ጥርቅም አድርገው የያዙኝ ደግሞ አባቴ። ጠባሳው እስካሁን አለ። ዛሬ ደባርቅ ላቦራቶሪ ውስጥ የምሠራ ሰው ሆኜ ዝም ብዬ ላስተኩሳቸው? ባጃጁ እስከቻለው ሄድኩ፣ የቀረውን ዳገት በእግሬ ወጣሁት።

ስደርስ ብረቱ ፍም ውስጥ ነበር።

«አባዬ፣ እብጠቱ ጠላት አይደለም፣ ኬላዎ ነው። ከቁስሉ አምልጦ ወደ ላይ የሚወጣውን ጀርም እዚያ እየያዙት ነው። የገዛ ኬላውን የሚያቃጥል አለ?»

«እነማን ናቸው የሚይዙት?»

«ይምጡና ላሳይዎ።»

ጎረቤታችን ሳቁብኝ። «የተማረ የማይለው የለም!» አሉ። አባቴ ግን ትኩር ብለው አዩኝና «በቅሎዋን ጫኑልኝ» አሉ።

ደባርቅ፣ እኔ በምሠራበት ሆስፒታል፣ ሐኪሙ ቁስሉን አጥቦ መርፌ አዘዘላቸው። እኔ ከመግሉ ጥቂት መስታወት ላይ ቀብቼ፣ በቀለም ነክሬ፣ አባቴን ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጥኳቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጎንበስ አሉ።

«ትልልቆቹ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ሆዳቸው ውስጥ ያሉት ነጠብጣቦች ጀርሞቹ ናቸው፤ ውጠዋቸው ነው።»

«ማን አዘዛቸው?»

«ማንም። ከእናትዎ ማኅፀን ይዘውት የወጡት ጥበቃ ነው። ማጭዱ እንደቆረጠዎ፣ የመጣው ማን እንደሆነ እንኳ ሳይለዩ ቀድመው የደረሱት እነሱ ናቸው። ትኩሳቱንም ያስነሣው የእነሱ ጥሪ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይሞታሉ። መግሉ አብዛኛው የእነሱ ሬሳ ነው።»

አባቴ ቀና አሉ። አራት ቀን ሙሉ እየተጸየፉ በቅጠል ሲጠርጉት ነበር። ፊታቸውን ሳይ ኮራሁባቸው። በራሴም ኮርቻለሁ፣ አልደብቅም፤ የገዛ ሰውነታቸውን ጀግንነት ያሳየኋቸው እኔ ነኝ።

ንፍፊቱ ብረት ሳይነካው በሳምንቱ ጠፋ። እኔ የማልረሳው ግን ማይክሮስኮፑን ያዩበትን ያንኑ ቀን ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ መግል የነካውን ፋሻ በባልዲ ይዛ ስታልፍ አባቴ ክንዴን ያዙኝ።

«ወዴት ትወስደዋለች?»

«ይቃጠላል፣ አባዬ።»

ቆባቸውን ከራሳቸው አወለቁ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው አደገደጉና በዚያ በታመመ እግራቸው ተነሡ። ልደግፋቸው ስል እጄን ገፉት።

«ለእኔ የሞተ ነው፤ ተቀምጬ አልሸኝም» አሉ።

ባልዲው ከበሩ እስኪወጣ ድረስ አልተቀመጡም።