አባቴ የሌለበት ግድግዳ

ውሻው ነበረ። አባቴ ግን አልነበረም። ከሲያትል በስተምሥራቅ፣ ተራራው ላይ ባለው የበረዶ መንሸራተቻ ቦታ፣ የምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ የቦታው ታሪክ በትልልቅ ፎቶዎች ተሰቅሏል፤ የመሥራቹ ውሻ ሳይቀር ስሙ ተጽፎለት፣ ምላሱን አውጥቶ ተቀምጧል። አባቴ እዚያ አሥራ ዘጠኝ የበረዶ ወቅት ሠርቷል። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል። የሚፈላው ደግሞ በፈረንጆቹ ላይ አይደለም፣ በራሱ በአባቴ ላይ ነው።

የዚያን ቦታ ታሪክ ከእኛ ቤት በላይ የሚያውቅ የለም። ሲያትል አጠገብ ሾርላይን በምትባለው ከተማ ባለው ቤታችን እራት በቀረበ ቁጥር አባቴ ይተርከዋል። የቦታው መሥራች፣ አያትየው፣ እንጨት ቆራጭ ነበር፤ ገመድ ዘርግቶ፣ በአሮጌ መኪና ሞተር እያስጎተተ ሰዉን ወደ ላይ ማውጣት ጀመረ። ሚስቱ በጣውላ ጎጆ ውስጥ ሾርባ ትሸጥ ነበር። ልጃቸው ገመዱን አስወግዶ በሽቦ ላይ ተንጠልጥለው የሚሄዱትን ወንበሮች ተከለ። አሁን ቦታውን የምታስተዳድረው የልጅ ልጃቸው ናት። እኔ የገዛ ቅድመ አያቴን ስም ስጠየቅ እደናገራለሁ፤ የዚያ እንጨት ቆራጭ ጓንት የትኛው ጣቱ ላይ እንደተቀደደ ግን አውቃለሁ።

አባቴ ራሱ አንድም ቀን በበረዶ ላይ ተንሸራትቶ አያውቅም። ሥራው ወንበሮቹ ሥር ቆሞ በረዶውን በመጥረጊያ ማራገፍና ሰው ሲቀመጥ ወንበሩን ያዝ ማድረግ ነበር። የፈራ ሰው ሲያይ "አይዞህ" ይላል። የዘወትር ደንበኞቹ ቃሉን ተምረውት እርስ በርስ ይባባሉበታል። ሞተሩ ድምፁን ትንሽ ከቀየረ ከመካኒኩ ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው።

ጡረታ ሊወጣ በነበረበት ዓመት የልጅ ልጅየዋ ታሪኩን ግድግዳ ላይ ለማውጣት ተነሣች። አባቴ ወደሚቆምበት ድረስ ሄዳ፣ ያንተም ፎቶ ቢኖርበት ደስ ይለናል፣ ፈቃደኛ ነህ ወይ አለችው። አባቴም "ኖ፣ ኖ፣ ታንክ ዩ" አላት። እርግጠኛ ነህ ስትለው "የስ" አለ። አመስግናው ሄደች።

ይህን የሰማሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ለካ አባቴ በየጠዋቱ ፂሙን እየተላጨ፣ ከካፖርቱ ሥር የክት ሸሚዙን እየለበሰ ሥራ ይሄድ ኖሯል። ደረት ኪሱ ውስጥ ፖስታ፣ ፖስታው ውስጥ ደግሞ መጥረጊያውን ይዞ ወንበሮቹ ሥር የተነሣው ፎቶ ነበረ። ያሳየችኝ እናቴ ናት።

"አባዬ፣ ለምን ኖ አልካት?"

"እንዴ፣ ደግማ ትጠይቀኛለች ብዬ ነዋ።"

"ደግማ ጠይቃሃለች እኮ! እርግጠኛ ነህ ማለት ምንድን ነው?"

"እሱማ ጥያቄ ነው እንጂ ልመና አይደለም። ሰው እንደተጠየቀ ወዲያው እሺ ይላል እንዴ? ምን ትለኛለች?"

"ምንም አትልህም። እዚህ አገር ኖ ካልክ ኖ ነው። ሶ፣ አሁኑኑ ኮል አድርግላት።"

"እኔው ደውዬ ፎቶዬን ስቀይልኝ ልበላት? አላደርገውም፣ ነውር ነው።"

እኔ ልደውል ብል ጭራሽ ተቆጣ። እኛ ቤት የመጣ እንግዳ ሦስት ጊዜ "በልቼ ነው የመጣሁት" ሳይል እጁን ወደ ትሪው እንደማይዘረጋ አውቃለሁ፤ እኔም ያደግሁበት ነው። ግን ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ኖሮ፣ ያቺ ሴት እንደ አጎቱ ልጅ እንድትለማመጠው መጠበቁ ሰው ያሳብዳል።

ግድግዳው በተመረቀ ቀን ሱፉን ለብሶ፣ እናቴንና እኔን አስከትሎ ሄደ። ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበበልን። ውሻው ጋ ሲደርስ እንኳን፣ ሰው ሲወድቅ እየሮጠ ሄዶ ፊቱን ይልስ እንደነበር አብራራ። የመጨረሻው ፎቶ ጋ ሲደርስ ትንሽ ቆመ። ከዚያ "ጥሩ ነው፣ ቆንጆ አድርገው ሠርተውታል" ብሎ ወደ ውጭ ወጣ። እንደዚያ ተናድጄበት እንኳን አንጀቴን በላው።

ቀጥ ብዬ ሴትዮዋ ጋ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳት። ደነገጠች። "አልፈልግም ያለ መስሎኝ ነው፣ ላስጨንቀው አልፈለግሁም። ፎቶው ካለ አሁንም ቦታ እናበጅለታለን" አለችኝ። እኔም ፈገግ ብዬ፣ "ኖ፣ ኖ፣ አትቸገሪ፣ አንዴ ተሠርቶ አልቋል" አልኳት። እርግጠኛ ነሽ ስትለኝ "የስ" አልኩ። አመስግናኝ ወደ እንግዶቿ ዞረች።

በሩ ጋ እስክደርስ ድረስ ምን እንዳደረግሁ አልገባኝም ነበር። ሲገባኝ ምላሴን ብቆርጠው ደስ ባለኝ።

አባቴ መኪናው አጠገብ ቆሟል። ውስጥ ስዘገይ ምን እያደረግሁ እንደሆነ ገብቶት ኖሯል።

"ምን አለች?" አለኝ፣ ወደ ተራራው እያየ።

"ፎቶውን አምጡ አለች።"

"ግድ የለም፣ ይቅር" ይለኛል ብዬ ለልመና ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደና ፖስታውን ሰጠኝ። አንዴ እንኳን አላንገራገረም።

ፖስታውን ይዤ ወደ ውስጥ ተመለስኩ። ሴትዮዋ ከሰዎች ጋር እያወራች ነበር፤ እስክትጨርስ አልጠበቅሁም።